ሜሞሪ ካርድ ከተትኩ፣ ስልኬ ግን አሁንም «ቦታ የለም» ይላል

ህሊና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ውስጡ 16 ጊጋ ነው። ከዚያ ላይ 9ኙን ሲስተሙ ራሱ ይዞታል። የቀረችውን ፎቶና የቴሌግራም ቪዲዮ ሞልተዋታል። ዋትስአፕ አፕዴት ላድርግ ስል «በቂ ቦታ የለም» ይለኛል። ሲመረኝ 64 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ገዝቼ ከተትኩበት። ስልኩ ካርዱን አይቶታል፤ 59 ጊጋ ባዶ ቦታ አለ ይላል። (በነገራችን ላይ 5 ጊጋዋን ማን በላት?) ዋትስአፕ ግን ያው ነው፣ ቦታ የለም። አጠገቤ ባዶ ክፍል እያለ ኮሪደር ላይ የምተኛ መሰለኝ።

ሴቲንግ ውስጥ ስቆፍር «እንደ ውስጣዊ ማከማቻ ፎርማት አድርግ» የሚል አገኘሁ። ከስሩ «ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ይላል። ጣቴ እዚያ ላይ ቆሞ ቀረ። ልጫነው? አንድሮይዱ 9 ነው።

ቢኒ

ተጫኚው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ! እኔ ካዋሃድኩት ወር ሊሆነኝ ነው። አፕ እንደ ልቤ እጭናለሁ። ትንሽ ይንቀራፈፋል፣ ግን ማን ቸኮለ።

ጠጋኙ

ህሊና፣ ቆይ አትቸኩዪ። ቢኒ ውሸት አልነገረሽም፣ ግማሹን ነው የነገረሽ።

ስልክሽ ካርዱን በሁለት መንገድ ሊይዘው ይችላል። አንደኛው አሁን እንዳለው ነው፣ እንደ ፍላሽ። ፎቶ ትከቺበታለሽ፣ ነቅለሽ ኮምፒውተር ላይ ትሰኪዋለሽ፣ ሌላ ስልክም ያነበዋል። ዋትስአፕ ግን የሚቀመጠው የስልኩ የራሱ ሜሞሪ ላይ ነው። ለዚህ ነው 59 ጊጋ ባዶ እያለ የሚያለቃቅሰው።

ሁለተኛው ያ ጣትሽ የቆመበት ነው። በአንድሮይድ 6፣ በእ.ኤ.አ. 2015 የመጣ ነገር ነው። ስልኩ ካርዱን ጠርጎ ያጠፋና የራሱ አካል ያደርገዋል። አፕም ይገባበታል። ግን ሲያዋህደው ይቆልፈዋል። ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ኢንክሪፕት ይደረጋል፣ ቁልፉም የሚቀመጠው ስልኩ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ካርድ የሚከፈተው በዚያ ስልክ ብቻ ነው። ስልኩን ፋብሪካ ሪሴት ብታደርጊው እንኳ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል።

አንዴ አንድ ሰው ውሃ የገባበት ስልክ ይዞልኝ መጣ። ቦርዱ ሞቷል። «ግድ የለም፣ ፎቶዎቼ ሜሞሪው ላይ ናቸው» አለኝ ፈገግ ብሎ። ካርዱን አውጥቼ ካርድ ሪደር ላይ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ከማለት ውጭ ወይ ፍንክች። ካርዱ እኮ ጤነኛ ነው። የልጁ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ እዚያው ውስጥ አለ። የሚከፍተው ነው የጠፋው። ከዚያ ወዲህ «ላዋህደው?» ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ፎቶህ ሌላ ቦታ አለ?» ብዬ ነው።

ሌላው ፍጥነት ነው። ካርድሽ ላይ የተጻፈውን እስቲ አንብቢልኝ።

ህሊና

ክው ነው ያልኩት። ካርዱ ላይ የእንግሊዝኛዋ ሲ ውስጥ 10 ቁጥር አለ። አጠገቡ ደግሞ ትንሽ ዩ የምትመስል፣ ውስጧ 1 ያለባት። ሌላ ምንም የለም።

ጠጋኙ

ሁለቱም የሚሉሽ አንድ ነገር ነው። ካርዱ ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። ለቪዲዮና ለፎቶ በቂ ነው። አፕ ግን ሌላ ጸባይ አለው። አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም የሚያነበው፣ ብዙ ጥቃቅን ነገር ከዚህም ከዚያም ይለቃቅማል። ለዚያ የሚታየው «ኤ1» ወይም «ኤ2» የሚል ምልክት ነው። ኤ1 ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 1500 ጊዜ አንብቦ 500 ጊዜ መጻፍ አለበት። ኤ2 ደግሞ 4000 እና 2000፣ ግን ያን ፍጥነት ለማግኘት ስልኩም ኤ2ን የሚደግፍ መሆን አለበት።

ያንቺ ካርድ ኤ የሚባል የለበትም። ብታዋህጂው ስልኩ ራሱ «ካርዱ ቀርፋፋ ነው» ሊልሽ ይችላል፣ ፎርማት ሲያደርግ ይፈትነዋል። የቢኒ «ትንሽ ይንቀራፈፋል» የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል።

ቢኒ

እሺ፣ እውነት ለመናገር «ትንሽ» አይደለም። ካሜራ ከፍቼ እስኪመጣ የማነሳው ሰው ይሄዳል።

ማሂ

የ5 ጊጋዋን ነገር እኔ ልመልስ። ማንም አልበላትም። የካርዱ አምራች 1 ጊጋ ሲል 1 ቢሊዮን ባይት ማለቱ ነው። ስልክሽ የሚቆጥረው በ1024 እያባዛ ነው። 64 ቢሊዮንን በዚያ አቆጣጠር ስትመነዝሪው 59.6 ይመጣል። አቆጣጠሩ ነው እንጂ ቦታው ያው ነው።

ሳሚ

59 ይላል ማለት ግን 59 አለው ማለት አይደለም፣ እንዳትሸወጂ። ፎርጅድ ካርድ አለ። እውነተኛ አቅሙ 8 ጊጋ ሆኖ ለስልኩ 64 ነኝ የሚል። 8ቱ እስኪሞላ ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ የምትከቺው ስሙ ይታያል፣ ውስጡ የለም። እኔ የአንድ ሙሉ ጉዞ ቪዲዮ አጥቻለሁ። ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ተደርድሯል፣ ስከፍተው ጥቁር። ዋናውን ከስልክሽ ከማጥፋትሽ በፊት ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ እስኪሞላ ድረስ የማያሳዝንሽን ቪዲዮ ጫኚበት። ከዚያ መጨረሻ የገቡትን ክፈቻቸው። ከተከፈቱ አጥፊና ተጠቀሚበት።

የአብቲ አባት

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። የእኔ ሳምሰንግ ነው። ካርድ አስገብቻለሁ፣ ይህ የምትሉት «ውስጣዊ ማከማቻ» የሚለው ምርጫ ግን ፈጽሞ የለም። አዲስ አንድሮይድ ነው። ዓይኔ ነው ወይስ ስልኩ?

ጠጋኙ

ዓይንዎ ደህና ነው፣ አባቴ። ምርጫው አንድሮይድ ላይ ቢኖርም ማሳየት አለማሳየቱ የስልክ አምራቹ ፈንታ ነው። ሳምሰንግ ሳያካትተው የቆየ ነው። አይቆጭዎት። እርስዎም ህሊናም ልታደርጉት የሚገባው አንድ ነው፣ አፑን ትታችሁ ዕቃውን ወደ ካርዱ ማውጣት።

መጀመሪያ ካሜራውን ይክፈቱ። ሴቲንጉ ውስጥ «ማከማቻ ቦታ» የሚል ካለ ወደ ሜሞሪ ካርድ ይቀይሩት። ከዛሬ ጀምሮ የሚያነሱት ወደዚያ ይሄዳል። የድሮዎቹ ግን በራሳቸው አይነሱም። ፋይል ማኔጀር ውስጥ ገብተው ካሜራ የሚለውን ፎልደር ኮፒ ያድርጉ። «ውሰድ» የሚለውን አይንኩ፣ ኮፒ ይበሉ። መሃል ላይ ባትሪ ቢያልቅ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖ ያስቸግራል። ካርዱ ላይ ገብተው ከፍተው አይተው፣ ከዚያ የስልኩን ያጥፉ።

አጥፍተውም ቦታው ካልተለቀቀ አይገረሙ። ብዙ ስልክ ላይ የጠፋ ፎቶ ጋለሪው ቅርጫት ውስጥ ለ30 ቀን ይቀመጣል። እሱንም ባዶ ያድርጉት።

ማሂ

ህሊና፣ ቴሌግራም ሴቲንግ፣ ዳታና ስቶሬጅ፣ ከዚያ ካሽ (ቴሌግራም አውርዶ ስልክሽ ላይ ያስቀመጠውን) አጽጂ። አትፍሪ፣ ቻቱ አይጠፋም። ቪዲዮዎቹ ሰርቨራቸው ላይ ስላሉ ስትፈልጊ እንደገና ታወርጃለሽ። የላከው ሰው ወይም ቻናሉ ካጠፋው ግን የለም፣ የምትወጂውን መጀመሪያ ወደ ካርዱ አውጪው። እዚያው ገጽ ላይ ሚዲያ ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚልም አለ። እኔ አንድ ሳምንት አድርጌዋለሁ።

ዋትስአፕ ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሪ! የእሱ ፎቶ ያለው ስልክሽ ላይ ነው፣ ካጠፋሽው ድጋሚ ላገኘው ብትዪ ላይመጣ ይችላል። ሚዲያውን በቀጥታ ካርድ ላይ እንዲያስቀምጥ ማዘዝም አይቻልም። አልፎ አልፎ በእጅ ኮፒ ማድረግ ነው።

ህሊና

ተመለስኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ስጭን አደርኩ፣ ካርዱ ኦሪጅናል ነው። መጨረሻ የገባውም ተከፈተ። ከዚያ ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ አይቼ፣ አጠፋሁ። ቅርጫቱን ረስቼው «ምንም አልተቀየረም» ብዬ ልጮህ ስል የጠጋኙ መልስ ትዝ አለኝ። ፎቶው 3 ጊጋ፣ የቴሌግራም ካሽ 1.8 ጊጋ ለቀቀልኝ። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ብቻውን 400 ሜጋ ይዞ ነበር፣ ሠርጉን የማላውቀው ሰው ነው። ዋትስአፕ አፕዴት ሆኗል። ያቺን «ፎርማት አድርግ» አልነካኋትም።

የአብቲ አባት

እኔም አድርጌዋለሁ። እናመሰግናለን ልጆች። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ካርዱን ስልኩ እንደበራ መንቀል ይቻላል?

ጠጋኙ

ስቶሬጅ ውስጥ ገብተው «አስወጣ» ካሉት በኋላ ይቻላል። ዝም ብሎ መንቀል ግን ሲጽፍበት ከደረሰ ፋይል ያበላሻል። እኔ አጥፍቼ ነው የምነቅለው። ብዙ ስልክ ላይ ከሲሙ ጋር አንድ ትሪ ላይ ስለሆነ ሲሙም አብሮ ይወጣል።

ቢኒ

እኔስ? አዋህጄ ጨርሻለሁ። ፎቶዎቼ በሙሉ እዚያ ናቸው። መመለሻ አለው?

ጠጋኙ

አለው፣ ስልኩ እስካለ ድረስ። ሰዎች የሚሳሳቱት ካርዱን ነቅለው ሊገለብጡ ሲሞክሩ ነው። ካርዱ ስልኩ ውስጥ እንዳለ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘው፣ ፎቶና ቪዲዮህን ሁሉ አውጣ። ከፍተህ እይ። አፖቹን ወደ ስልኩ መልስ፣ የማይበቃውን አራግፍ። የዋትስአፕ ባክአፕህንም አስቀድመህ ያዝ። ከዚያ ስቶሬጅ ውስጥ ካርዱን «ተንቀሳቃሽ ማከማቻ» አድርገህ ፎርማት አድርገው። ኮምፒውተሩ ላይ ያወጣኸውን መልስበት። ዛሬ አድርገው፣ ነገ አትበል።

ቢኒ

የልደቱን ፎቶ ታሪክ ባታወራ ኖሮ እተኛ ነበር። ዳታ የሚያሳልፍ ገመድ ፍለጋ ሄድኩ፣ ያለኝ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነው።