ከ20 ዓመት በላይ የሠራ የባልትና ድርጅት ወደ ውጭ ገበያ ሊወጣ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የሽያጭ ኃላፊዋ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ቅመማ ቅመም አዘጋጅቶ በሚያሽግ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። አዲስ አበባ ያሉ ሱፐርማርኬቶች ያውቁናል፤ ደንበኛም አላጣንም። አሁን ባለቤቶቹ ወደ ውጭ እንውጣ ብለዋል። አንደኛው ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ይሁን ይላሉ። ሁለተኛው ኬንያ ቅርብ ናት፣ በሞያሌ በኩል በመኪና እናስገባለን ይላሉ። ሦስተኛዋ አውሮፓን መርጠዋል። ስላልተስማሙ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ እንጀምር የሚል ሐሳብ መጥቷል። ጥናቱን አዘጋጂ የተባልኩት እኔ ነኝ።

የት እንጀምር? የራሳችንን ቢሮ እንክፈት፣ በአከፋፋይ እንግባ ወይስ ሽርክና ይሻላል? እዚህ ስማችን መታወቁስ እዚያ ምን ያህል ይጠቅመናል? የሠራችሁበት ካላችሁ ዝርዝሩን እባካችሁ።

መልስ፦ አስመጪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ሦስቱን ባንዴ የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ አስጥያቸው። ሦስቱ ገበያዎች ሦስት ዓይነት ሕግ፣ ሦስት ዓይነት ሌብልና ሦስት ዓይነት ገዢ ነው ያላቸው። እናንተ ያላችሁ ደግሞ አንድ የሽያጭ ክፍል ነው።

ስለ ስማችሁ ልንገርሽ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣ ሰው ያውቃችሁ ይሆናል። እዚህ አሜሪካ 25 ዓመት የኖረው አያውቃችሁም። ደግሞ ዋናው ተፎካካሪያችሁ ሌላ ድርጅት አይደለም። ሰው ከአገር ቤት ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ እናቱ ያስፈጨችለት በርበሬ አለ። ያንን በማስታወቂያ አታሸንፉትም። ስለዚህ የምትሸጡት ሻንጣ ለማይመጣለት ሰውና ለምግብ ቤቶች ነው። ምግብ ቤት በኪሎ ይገዛል፣ ቶሎ ቶሎ ይገዛል። የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ ባለፈው የላካችሁት በርበሬ ቀለሙና ማቃጠሉ ካሁኑ ጋር አንድ ይሁን። ዘንድሮ ከአንድ አካባቢ፣ በሚቀጥለው ከሌላ አካባቢ ገዝታችሁ የምትፈጩ ከሆነ ወጥ ቤቱ በመጀመሪያው ድስት ያውቀዋል።

ማሸጊያውን ሳትንቁ እዩት። አዲስ አበባ የምትሸጡበት ፌስታል ለኮንቴይነር አይሆንም። ስፌቱ ላይ ትንሽ ከሾለከ ዱቄቱ መደርደሪያውን ሁሉ ቀይ ያደርገዋል። ባለ ሱቁ አንዴ ከጠረገ በኋላ ዕቃችሁን ታች፣ ከሩዝ ከረጢት ጎን ያወርደዋል። ታች የወረደ ዕቃ ደግሞ አይታይም።

ወረቀቱ እንዲህ ነው። ፋብሪካችሁ ኤፍዲኤ በሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ጊዜውም ቁጥሩ ለሁለት በሚካፈለው የፈረንጅ ዓመት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚቀመጥ ተጠሪ ያስፈልጋችኋል። ዕቃው ከመድረሱ በፊት ቅድመ ማስታወቂያ ይላካል። ላኪው ጥሩ አሠራር እንዳለው የማረጋገጥ ግዴታ ያለበት ግን አስመጪው ነው፤ እኔ ማለት ነኝ። ስለዚህ ቁም ነገረኛ አስመጪ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ዋጋ አይደለም። የላብራቶሪ ውጤትሽንና የፋብሪካሽን አሠራር ነው። እነዚህን ሳይጠይቅ "ላኪልኝ" የሚልሽን ሰው ራቂ።

ሌብሉ ላይ ይዘቱ ከሚበዛው ወደሚያንሰው በቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ሰሊጥ ካለበት በግልጽ ይነገር፤ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ ሰሊጥ አለርጂ ከሚያስነሱ ዋና ምግቦች ተቆጥሯል። "ልዩ ልዩ ቅመሞች" ብሎ ማለፍ ችግር ያመጣል።

መልስ፦ የምግብ ጥራት ባለሙያ

ከላይ ያለው ወንድማችን የላብራቶሪውን ነገር ነካ አድርጎ አልፎታል። እኔ እዚያ ላይ ልቆይ፤ አውሮፓን የመረጡት ባለቤት ይህን ማንበብ አለባቸው።

በርበሬ ላይ ትልቁ ችግር አፍላቶክሲን ነው። ሻጋታ የሚፈጥረው መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በርበሬና መሰል ቅመሞች ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ቢ1 የሚባለው ብቻውን ከ5 ማለፍ የለበትም። አሜሪካ እርምጃ የሚወስደው ከ20 ሲያልፍ ነው። ያው በርበሬ ባልቲሞር አልፎ ሃምቡርግ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ኅብረቱ ከኢትዮጵያ የሚገቡ ቅመሞችን ለይቶ ከመደበኛው በላይ ሲመረምር ቆይቷል።

ሰው በማጠብ፣ በመቁላት ወይም በመፍጨት የሚጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም። ሙቀት ይችላል። መከላከል የሚቻለው ማሳው ላይና መጋዘን ውስጥ ነው። በርበሬው መሬት ላይ ተሰጥቶ ደርቋል ወይስ በሸራና በቆጥ ላይ? ሲጓጓዝ እንዳይሰባበር ወይም ክብደቱ እንዲጨምር ውኃ ተረጭቶበታል? ነጋዴ በኩል ስትገዙ ይህን አታውቁም። ማረቆ ይሁን አላባ፣ ከገበሬ ማኅበር ጋር በቀጥታ ተዋውላችሁ ማድረቂያውን ራሳችሁ ብትቆጣጠሩ ይሻላል። እኔ ብጠየቅ ለውጭ ገበያ ከተያዘው ገንዘብ ብዙውን እዚህ ላይ አውለዋለሁ። ዲሲ ከሚከፈት ቢሮ በብዙ ይበልጣል።

አንድ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ከተያዘ የሚጠፋው የዚያ ጭነት ዋጋ ብቻ አይደለም። ኤፍዲኤ ስማችሁን ዕቃችሁ ሳይመረመር እንዲያዝ ከሚያደርገው ዝርዝር ውስጥ ካስገባው፣ መውጣት ረጅም ሥራ ነው።

መልስ፦ ከናይሮቢ

ስለ ኬንያ ባጭሩ። መንገዱ ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፤ ሞያሌ ላይም የጋራ መፈተሻ ጣቢያ አለ። ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። ኢትዮጵያና ኬንያ ሁለቱም ኮሜሳ የሚባለው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ አባል ቢሆኑም ኢትዮጵያ በኮሜሳው ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ አልገባችም። ስለዚህ ቀረጡን ከትራንዚተር ጋር ተቀምጣችሁ አስሉት። ዕቃው ደግሞ ከመጫኑ በፊት የኬንያን የጥራት ደረጃ ማሟላቱ ተረጋግጦ ምስክር ወረቀት ይያዝለታል።

ሁለተኛው ገዢው ነው። ኢስሊ አካባቢ ብዙ የኛ ሰው አለ፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም በከተማው ሞልቷል። ኬንያዊው ግን ቤቱ በርበሬ አይጠቀምም። ለእኛው ሰው ብቻ ከሆነ ገበያው ጠባብ ነው፤ ያውም በአውቶቡስ የሚመጣ በርበሬ አለበት። ለኬንያዊው ከሆነ ሌላ ምርት፣ ሌላ መጠን፣ ሌላ ማሸጊያ ይጠይቃል። የትኛው እንደሆነ ሳይወስኑ መኪና አይጫን።

መልስ፦ የቢዝነስ መምህር

ቢሮ፣ አከፋፋይ ወይስ ሽርክና ለሚለው፣ ትልልቆቹ የሄዱበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል።

አገራችን የገቡትን የቢራ ድርጅቶች እንይ። ሄይንከን በ2011 እ.ኤ.አ. በደሌንና ሐረርን ገዛ። ስማቸውን አልቀየረም። ቂሊንጦ አዲስ ፋብሪካ ሠርቶ ዋልያን በ2014 አወጣ፤ ስሙም የአገር ስም ነው። ዲያጆ በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2022 ግን ለካስቴል ቡድን ሸጦ ወጣ። ሁለቱም የገቡት ፋብሪካ በመግዛት ነው። የመግቢያው በር አንድ መሆኑ ውጤቱን አንድ አላደረገውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሌላ መንገድ ነው የያዘው። ሎሜ ላይ አስካይ በ2010 እ.ኤ.አ. መብረር ሲጀምር አየር መንገዱ አጋር ሆኖ ገባ። የማላዊ አየር መንገድን 49 በመቶ፣ የዛምቢያን ደግሞ 45 በመቶ ያዘ። ብዙውን ድርሻ ለአገሩ ተወ፤ እሱ አውሮፕላንና ሙያ ይዞ መጣ። በአየር ትራንስፖርት ሕጉ ራሱ ወደዚህ ይገፋል፤ የአንድን አገር የበረራ መብት የሚያገኘው ባመዛኙ በአገሩ ሰዎች የተያዘ ድርጅት ነውና። ለእናንተ የሚሆነው ይኸኛው ይመስለኛል። እናንተ የምታውቁት በርበሬ ነው። ዲሲን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው።

ሦስቱን ባንዴ ለሚሉት ደግሞ የታርጌትን ታሪክ አንብቢላቸው። አሜሪካ ውስጥ የታወቀ የሱቅ ድርጅት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የዜለርስን ሱቆች ኪራይ ለመረከብ 1.8 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2013 ካናዳ ገባና በጥቂት ጊዜ ከ100 በላይ ሱቅ ከፈተ። በ2015 ሁሉንም፣ 133 ሱቅ፣ ዘጋ። ስሙን ካናዳውያን ያውቁት ነበር፤ ድንበር ተሻግረው ይገዙበት ነበር። የጎዳው የኋላ ሥራው ነው። አዲሱ የትዕዛዝ ሥርዓት ውስጥ የዕቃዎቹ መጠንና ልኬት ተሳስቶ ገብቶ ስለነበር መጋዘኑ ሞልቶ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ሰው አንዴ መጣ፣ የፈለገውን አጣ፣ አልተመለሰም። አንድ ከተማ ላይ ቢጀምሩ ኖሮ ስህተቱ በጊዜ ይታረም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የኬንያው ሳፋሪኮምም ቢሆን፣ ያን ሁሉ አቅም ይዞ፣ ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ጥምረት አካል ሆኖ አገራችን ሲገባ፣ አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው ድሬዳዋ ላይ ነው። ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ነበር። አዲስ አበባ ከዚያ በኋላ መጣች።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አውሮፓን ለጊዜው እናቆየው ብዬ ልጽፍ ነው። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከባለቤቶቹ የአንዱ ዘመድ ቨርጂኒያ አለ። ለመላው አሜሪካ ብቸኛ ወኪል ልሁን፣ የንግድ ምልክቱንም እኔ ላስመዝግብላችሁ ብሏል። ሰውየው ታማኝ ነው ይባላል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጠበቃ

ታማኝ ይሁን። ምልክቱ ግን በድርጅታችሁ ስም ይመዝገብ። በዚህ ላይ ምንም አትደራደሩ።

የንግድ ምልክት ጥበቃ በየአገሩ ነው። አዲስ አበባ ያስመዘገባችሁት አሜሪካ ውስጥ በቂ አይሆንም። ስሙ በወኪሉ ከተያዘ፣ የተጣላችሁ ቀን የራሳችሁን ስም ይዛችሁ መግባት ያቅታችኋል። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ይዤ አውቃለሁ፤ ላኪው ከወኪሉ ጋር ሲለያይ ማሸጊያውን ቀይሮ በሌላ ስም ከዜሮ ጀምሯል። ማመልከቻውን ለማስገባት የአሜሪካ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያስፈልጋችኋል፤ ውጭ የሚኖር አመልካች በራሱ ማመልከት ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይችልም። ወጪ ነው፤ ግን አውጡት። ኢትዮጵያ ራሷ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ የታገለችው፣ ከስታርባክስ ጋርም በ2007 የተስማማችው ስም ዋጋ ስላለው ነው።

"ለመላው አሜሪካ ብቸኛ" የሚለውን አትስጡ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይበቃዋል። ጊዜው ይገደብ። በየመንፈቁ ቢያንስ ይህን ያህል ካርቶን ካልገዛ ብቸኝነቱ ይቀራል የሚል አንቀጽ ይኑር። የደንበኞቹን ዝርዝርና የሽያጭ ሪፖርት በየጊዜው ይላክላችሁ። ዘመድ ስለሆነ በቃል ይበቃል የሚል ካለ፣ ዝምድናውን የሚጠብቀው ወረቀቱ ነው በይልኝ።

መልስ፦ የባንክ ባልደረባ

ስለ ክፍያ ማንም አላነሳም። ለአዲስ ገዢ ቅድሚያ ክፍያ ወይም ኤልሲ፣ ማለትም የገዢው ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ሰነድ፣ ይሻላችኋል። ባለ ሱቆቹ "ሸጬ ልክፈል" ይላሉ፤ ያ የአስመጪውና የሱቁ ጉዳይ ይሁን፤ እናንተ ዘንድ አይድረስ። ዕቃው ወጥቶ ዶላሩ በወቅቱ ካልገባ ላኪው ባንክ ዘንድ ጣጣ ይጠብቀዋል፤ ቀጣዩ የመላኪያ ፈቃድ ይያዝበታል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ላኪ ካገኘው ምንዛሪ 50 በመቶውን እንዲይዝ ፈቅዷል። አሁን ያለውን መጠን ከባንካችሁ ጠይቁ፤ ማሸጊያና ማሽን ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ከዚያው ትከፍላላችሁ።

ጠያቂዋ

የመጀመሪያው ጭነት ስንት ዓይነት ምርት ይያዝ? ባለቤቶቹ ያሉንን 14 ዓይነት በሙሉ እንላክ ይላሉ።

መልስ፦ አስመጪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በርበሬና ሽሮ ብቻ። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ሌብልና የራሱ ምርመራ አለው፤ 14 ማለት 14 ቦታ ሊበላሽ የሚችል ነገር ነው። ከኮንቴይነሩ በፊት ጥቂት ካርቶን በአየር ላኪ። ግማሹን ለምግብ ቤቶች በነፃ እንዲቀምሱት እንስጥ፤ ግማሹን ሱቅ ውስጥ በሙሉ ዋጋ እንሽጥ። በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ተመልሶ ይገዛ እንደሆነ ካየን በኋላ ስለ ኮንቴይነር እናወራለን። የሽሮው ማብቂያ ቀን ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። በባሕር ሲመጣ ጂቡቲ ደርሶ መርከብ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ሲደርስ ከዕድሜው ግማሹ ካለቀ ባለ ሱቁ አይወስደውም።