መኮንንና ወታደር ከአንድ ድስት ይብሉ?

የመወያያው ጥያቄ፦ ወታደሩ ለራሱ ያለው ክብር፣ ደኅንነቱና የግዳጅ ብቃቱ እንዲጠበቅ፣ መኮንኖች ከወታደሮቻቸው ጋር አንድ ዓይነት ቀለብ እንዲበሉ በወታደራዊ ደንብ መደንገግ አለበት ወይስ የለበትም?

የታሪክ መምህር፦ መደንገግ አለበት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ የነበረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር ያመፀው ቀለቡ ስለከፋ ብቻ አይደለም። የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ጉዳዩን ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን አግተው፣ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ገንዘብ ብቻ የፈለገ ሰው ጄኔራል ይዞ ምሳ አያበላም፤ የተናቀ ሰው ግን ያበላል።

ጡረተኛው ሻለቃ፦ መምህር፣ ታሪኩ እንዳሉት ነው፤ መደምደሚያው ግን ጎደሎ ነው። በየካቲት አመፁ ወደ አሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦርና ወደ ሌሎች ክፍሎች ሲዛመት፣ ጎልቶ የተነሣው ጥያቄ የድስት ሳይሆን የደመወዝ ነበር። የቤት ኪራይ ያልተከፈለለት፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ያሳሰበው ወታደር፣ አዛዡ አጠገቡ ተቀምጦ ወጥ ቢያጠቅስ ልቡ ከቤቱ አይመለስም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፦ ሁለታችሁም የወታደር ክብር ከሆድና ከኪስ ብቻ የሚመነጭ አስመሰላችሁት። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት ቃኘው የተባሉት የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦሮች 121 ሰው ሞቶባቸው፣ 536 ቆስሎባቸው አንድም ምርኮኛ አላስያዙም ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። ያን ያህል ያጸናቸው የክፍላቸው ስምና የጎናቸው ጓድ ይመስለኛል። በሌላ በኩል፣ ብዙዎቹ የወጡበት የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ ክቡር ዘበኛ፣ ከሌላው ጦር የተሻለ ሥልጠናና አያያዝ ነበረው፤ ሆኖም የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የተነሣው ከዚያው ነው።

የታሪክ መምህር፦ እዚህ ላይ እርማት ያስፈልጋል፤ ከተራው የክቡር ዘበኛ ወታደር ብዙው የተሰለፈው ንጉሠ ነገሥቱን የሚከላከል መስሎት ነው። ስለዚህ ያ ክስተት የወታደሩን ስሜት አያሳይም። ስለ ክብር ካነሳን የ1980 ዓ.ም. ምሳሌ ይበልጣል። ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት ተረሸኑ፤ ዕዙም በመጋቢት አፍዓበት ላይ ተደመሰሰ። ለሽንፈቱ ሌሎች ምክንያቶች መኖራቸውን አልክድም፤ ነገር ግን አዛዡ በገዛ መንግሥቱ ሲገደል ያየ ጦር በራሱ ይተማመናል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ጡረተኛው ሻለቃ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ በተለየ ገበታ መብላትን ግን ከንቀት ጋር አንድ አታድርጉት። መኮንኖች ለብቻቸው ሲቀመጡ በወታደሩ ፊት የማይነገረውን ያወራሉ፤ ይህም ለሥራ ይጠቅማል። በእኔ በኩል ተረኛው መኮንን በየቀኑ ምግቡ ከመታደሉ በፊት ከወታደሩ ድስት ቢቀምስ ይበቃል።

የታሪክ መምህር፦ ቀምሶ ቢከፋውስ? ከዚያ በኋላ የራሱ ምሳ በሌላ ክፍል ይጠብቀዋል። የነገሌ መኮንኖችም የወታደሩ ውኃ መቋረጡ ጠፍቷቸው አልነበረም፤ የእነርሱ ጉድጓድ ውኃ ነበረው።