ክርክር፦ ለድሬ የክረምት ውድድር ተከን 7 ይሁን ስትሪት ፋይተር 6?

ከዚራ፦ ነገሩን ልክፈተው። የሰፈር ለሰፈሩ ውድድር በአንድ የድብድብ ጌም ብቻ ይሁን ተብሏል፣ ያሉን ማሽኖች ደግሞ ሁሉም ፕሌይስቴሽን 4 ናቸው። ስለዚህ ተከን 8ን እና ሞርታል ኮምባት 1ን እርሷቸው፣ ሁለቱም ለፒኤስ 4 አልወጡም። የሚቀሩት ተከን 7፣ ስትሪት ፋይተር 6 እና ሞርታል ኮምባት 11 ናቸው። የኔ ድምፅ ለስትሪት ፋይተር ነው። ሞደርን በሚባለው ቀላል የቁልፍ አያያዝ ሾርዩከን (ወደላይ የሚወጣው ቡጢ) አንድ አቅጣጫና አንድ ቁልፍ ነው። በክላሲክ፣ በነባሩ አያያዝ፣ ግን ወደፊት፣ ወደታች፣ ወደታች-ወደፊት ብለህ ቡጢውን ትጫናለህ። አቋራጩ በነፃ አይደለም፣ እንደዚያ የወጣ ምት ጉዳቱ በ20 ከመቶ ይቀንሳል፣ ከተራዎቹ ምቶችም ጭራሽ የማታገኛቸው አሉ። ጀማሪውም የለመደውም ሳይናናቁ የሚጋጠሙበት ጌም ይሄ ነው።

መጋላ፦ አቦ ተወና! ድሬ ላይ ጆይስቲክ ይዞ ተከን ያልነካ ማን አለ? ስኩዌር ግራ እጅ፣ ትሪያንግል ቀኝ እጅ፣ ኤክስ ግራ እግር፣ ሰርክል ቀኝ እግር። አለቀ። ይህን ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ኤዲ የሚባለውን ተጫዋች መርጦ ሁለቱን የእግር ቁልፎች የሚቀጠቅጥ ልጅ ቢያንስ ያምርበታል፣ አንዳንዴም ያሸንፋል። ጥልቀት ካልክ ደግሞ የሚሺማ ቤተሰብ ተጫዋቾች «ኤሌክትሪክ» የሚባለውን ምት ሞክር፦ ወደፊት፣ ልቀቅ፣ ወደታች፣ ከዚያ ወደታች-ወደፊትና ትሪያንግል እኩል፣ በአንዲት ፍሬም። ፍሬም የሴኮንድ 60ኛ እጅ ናት። ከሳትካት ተራው ምት ይወጣል፣ እሱ ብሎክ ከተደረገብህ (ከተመከተብህ) በጃብ፣ በፈጣኗ ቀላል ቡጢ፣ ትቀጣለህ።

ከዚራ፦ ኤዲን አንተው አነሳኸው እንጂ ማስረጃው ለኔ ነው። ቀጥቃጩ ሲያሸንፍ ለምን እንዳሸነፈ አያውቅም፣ ሲሸነፍም ለምን እንደተሸነፈ አያውቅም። የተከን ሸክሙ ጣት ላይ አይደለም፣ ጭንቅላት ላይ ነው። ጌሙ ውስጥ የምትመርጠው አንድ ተጫዋች ከመቶ በላይ ምት አለው፣ የተጫዋቾቹ ቁጥር ደግሞ ጭማሪዎቹ ተደምረው ከ50 ያልፋል። የማታውቀው ተከታታይ ምት መሃል ላይ ዝቅ ብሎ እግርህን ይመታሃል፣ ያንን አስቀድመህ ካላወቅህ በዓይንህ አትደርስበትም። ምቱ ስንት ፍሬም እንደሚፈጅ ቁጥሩን ልይ ብትል ደግሞ በተከን 7 ለብቻው በገንዘብ የሚገዛ ጭማሪ ነው። ስትሪት ፋይተር 6 በልምምድ ክፍሉ በነፃ ያሳይሃል።

መጋላ፦ ቁጥር ሳታይም መፍትሔ አለው። ልምምድ ግባ፣ የሚያስቸግርህን ተጫዋች ተቃራኒ አድርገው፣ ያንኑ ተከታታይ ምት ቅዳበት፣ ደጋግሞ ይልቀቅብህ። መጀመሪያ ሁሉንም ቆመህ ብሎክ አድርግ፣ የትኛው ምት ከሥር እንደገባብህ ታያለህ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ምት ቁጭ ብለህ ሞክር፣ ከጭንቅላትህ በላይ የሚያልፍ ከተገኘ ቀዳዳው እሱ ነው፣ ከተቀመጥክበት እየተነሳህ ምታው። ካልተገኘ መጨረሻውን ብሎክ አድርገህ ጃብ ሰንዝር። ፈጣኑ የቆመ ጃብ 10 ፍሬም ነው፣ ከገባ ያ ምት ይቀጣል ማለት ነው። በቀን አንድ ተጫዋች ብትጨርስ ብዙ ነው። ኪንግ የሚባለው ታጋይ ጨብጦ ሲይዝህም እንደዚያው ነው፣ የትኛው እጁ ቀድሞ እንደተዘረጋ አይተህ ስኩዌር ወይም ትሪያንግል ትጫናለህ፣ ሁለቱም ከተዘረጉ ሁለቱንም።

ለገሃሬ፦ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያለው ማነው? ስማሽ ብሮስ ቢሆንስ? እዚያ ኮምቦ (የተያያዘ ምት) ለመምታት አቅጣጫ መቁጠር የለም።

ሳቢያን፦ እሱ የስዊች ማሽን ጌም ነው፣ ስዊች ሰብስብልንና እናወራለን።

ለገሃሬ፦ እሺ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ነገር አትርሱ፣ የቁልፍ ብዛትና ጥልቀት አንድ አይደሉም። ዳይቭኪክ የሚባለው ጌም ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ መዝለያና መርገጫ፣ አንድ ምት የነካው ዙሩን ያጣል። ቢሆንም ርቀት የሚለካው ሰው የማይለካውን ሁሌ ይጥለዋል። ስለዚህ «ሞደርን ለሕፃናት ነው» የምትሉ እዚያው ጋ ተዉት።

ጀጎል፦ ከሐረር ሆኜ ሞርታል ኮምባት 11ን ላንሳ። ሁላችሁም ስለ ማጥቃት ታወራላችሁ፣ አዲስ ሰው የሚጠፋው ግን መከላከል ላይ ነው። በሁለቱ ጌሞቻችሁ ብሎክ ማለት ወደኋላ መያዝ ነው። ስትሪት ፋይተር ላይ ተቃራኒህ በላይህ ከዘለለ ወደኋላ የነበረው ወደፊት ይሆናል፣ ጀማሪው እዚያ ይደናገራል። ሞርታል ኮምባት ላይ ብሎክ ራሱን የቻለ ቁልፍ ነው፣ አር 2ን ይዘህ ትቆማለህ፣ ከግራ ይምጣ ከቀኝ ግድ የለህም። ሕይወትህ 30 ከመቶ ሲደርስ ደግሞ ፌታል ብሎው የሚባለው ከባድ ምት ይከፈትልሃል፣ ከነካ በዚያ ግጥሚያ ሁለተኛ የለም። እየተሸነፈ ያለ ሰው ተስፋ አይቆርጥም።

ሳቢያን፦ ስለ ብሎኩ እውነትሽን ነው እህቴ። ግን ጌሙ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የወጣ ነው። አዳራሹ ውስጥ የ10 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ አከርካሪ ሲነቀል እንዲያይ አልፈርምም። በዚያ አበቃ።

አሁን ወደ ሥራው። ጌም ቤት ውስጥ ሕጉ «ተሸናፊ ይነሳል» ነው። ጌሙን የሚያቆየው የአሸናፊው ጉራ አይደለም፣ የተነሳው ልጅ ተመልሶ መሰለፉ ነው። ተከን ሦስት ዙር እስኪሞላ ስለሚሄድ ደካማው አንድ ዙር የሚነጥቅበት ዕድል ሰፊ ነው። ስትሪት ፋይተር በሁለት ዙር ያልቃል፣ ሰልፉ ይፈጥናል፣ ልጁም ቶሎ ይነሳል። ይህን ከሁለት አንዳችሁም አላነሳችሁትም።

ከዚራ፦ ጥሩ ነጥብ ነው ጋሼ፣ ግን በውድድር ቀን ፍጥነቱ ለእኛ ይጠቅማል። 16 ተወዳዳሪ፣ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይውጣ ካልን 30 ግጥሚያ ነው፣ የፍጻሜው ድጋሚ ሳይጨመር። በአማካይ 8 ደቂቃ ብንይዝ 4 ሰዓት በአንድ ማሽን፣ 2 ሰዓት በሁለት። ተከን 7 በፒኤስ 4 ላይ ከአንዱ ግጥሚያ ወደ ሌላው ሲጭን ያለውን መጠበቅም ታውቁታላችሁ።

ሳቢያን፦ እንግዲያው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ቀትር ላይ በድሬ ሙቀት ፒኤስ 4 እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ሲብስበት ራሱ «በጣም ሞቆኛል» ብሎ ይዘጋል። ቁምሳጥን ውስጥ አትክተቱት፣ ከኋላና ከጎን አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ አቧራውም ከዋዜማው ይጸዳ። የሐረሮቹም ሲመለሱ የደንገጎን መንገድ ሳይጨልም ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ቴሌቪዥኑ ነው። «ጌም ሞድ» ካልበራ ምስሉን እያስዋበ 100 ሚሊሴኮንድ ሊያዘገይ ይችላል፣ ይህ 6 ፍሬም ነው። አስሉት፦ የስትሪት ፋይተር ድራይቭ ኢምፓክት የሚባለው ከባድ ምት ለመውጣት 26 ፍሬም ይፈጃል። ሰው አይቶ እስኪጫን 15 ገደማ። 6ቱን ቴሌቪዥኑ ከበላ 5 ብቻ ቀረህ። ምቱ ሁለት ጥቃት ተሸክሞ ያልፋል፣ ጥግ ላይ ብሎክ ብታደርገው እንኳ ከግድግዳው ያላትምሃል። ልጁ «ጌሙ አይረባም» ብሎ ይሄዳል፣ ጥፋቱ ግን የቴሌቪዥኑ ነው።

መጋላ፦ አየህ! ተከን ላይ ይህ ያን ያህል አይጎዳም።

ለገሃሬ፦ ኧረ አቦ፣ ኪንግ ሲይዝህ እጁን አይተህ ነው የምትላቀቀው ያልከው አንተ አይደለህ? እሱም በዓይን ነው። ለሁለቱም እኩል ይጎዳል።

መጋላ፦ እሺ እሱን ተቀበልኩ። ግን ይህን መልሱልኝ፦ አርስላን አሽ የሚባለው ተጫዋች በ2019 የጃፓኑን ኢቮ (የድብድብ ጌሞች ትልቅ ውድድር) ወሰደ፣ በዚያው ዓመት የአሜሪካውንም ደገመው፣ ሁለቱም በተከን 7። ከፓኪስታን ነው። ከዚያ በፊት ከላሆር ውጭ ስለነዚያ ልጆች ማን ያውቅ ነበር? ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርስ እየተጋጠሙ ነው የተሳሉት። እኛም ያለን እሱ ነው፣ ኢንተርኔታችንን ታውቁታላችሁ።

ከዚራ፦ ጎን ለጎን መቀመጥ ለተከን ብቻ የተሰጠ ነው እንዴ?

ጀጎል፦ ሞርታል ኮምባት ከወደቀ እኔ ወደ ስትሪት ፋይተር እሄዳለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ዳይናሚክ የሚባለው ሦስተኛ አያያዝ ይከልከል። ርቀቱን አይቶ ምቱን የሚመርጠው ማሽኑ ነው፣ ኦንላይን ላይም አይፈቀድም። ሞደርንና ክላሲክ ይበቃሉ።

ሳቢያን፦ ከመምረጣችሁ በፊት ቅዳሜ ሁለቱንም አጠገብ ላጠገብ አስቀምጡና በ«ተሸናፊ ይነሳል» አጫውቱ። አሸናፊዎቹን ተዋቸው፣ የተነሱት የትኛው ሰልፍ ላይ እንደተመለሱ ቁጠሩ። ጆይስቲኮቹንም በገመድ አድርጓቸው፣ አለዚያ የአንዱ ሰው ጆይስቲክ የሌላውን ማሽን ይቀሰቅስና ግጥሚያው መሃል ይቆማል። መቼት ውስጥ ግንኙነቱን «በዩኤስቢ ገመድ» በሉት። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች አሉ፣ እነሱ ዳታ ስለማያሳልፉ አይሠሩም፣ ከዋዜማው አንድ በአንድ ሞክሯቸው።

መጋላ፦ ገመዱን እኔ አመጣለሁ። ድምፄ ግን አሁንም ተከን ነው።