ሥራ ለቅቄ ኢንሹራንሴ ተቋረጠ፣ የባለቤቴ ኢንሱሊን ሊያልቅ ነው

ጠያቂ፦ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዓርብ ዕለት ሥራዬን ለቅቄ በራሴ የጭነት መኪና መሥራት ጀምሬአለሁ። ዛሬ ፋርማሲ ስሄድ «ካርዱ አይሠራም» ተባልኩ። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው አንድ የኢንሱሊን መርፌ ነው፤ እሱም ከግማሽ በታች ወርዷል። የድሮውን ኢንሹራንስ እንዴት ላስቀጥለው?

የድሮ ሾፌር፦ ልጄ፣ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ከመልቀቅ በፊት የሚጠየቀው «ሽፋኔ የሚያበቃው መቼ ነው?» ተብሎ ነው። አንዱ አሠሪ በመጨረሻው የሥራ ቀን ይቆርጣል፣ ሌላው እስከ ወሩ መጨረሻ ያቆያል። መኪና የሚገዛ ሰው ጎማና ነዳጅ ያሰላል፤ የቤተሰቡ ሕክምና ግን ከሁሉም ይቀድማል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ኮብራ የሚባል ሕግ አለ። ድርጅቱ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት፣ በፈቃድህ ብትለቅም እስከ 18 ወር በዚያው ኢንሹራንስ መቆየት ትችላለህ። ለመወሰን 60 ቀን አለህ፤ ከወሰንክ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍያ ለመፈጸም 45 ቀን። ስትከፍል ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ይታሰብልሃል፤ ስለዚህ እስከዚያ ከኪስህ የከፈልክበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጥ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የአሠሪህ ድርሻ ወደ አንተ ስለሚዞር ከሙሉው የኢንሹራንስ ክፍያ እስከ 102 በመቶ ትከፍላለህ።

ቢኒ፦ ኮብራ ውሰድ። 60 ቀን አለህ።

የራሱ አለቃ፦ የድሮውን ለምን የሙጥኝ ትላለህ? ማርኬትፕሌስ የሚባል፣ ሰው በግሉ የጤና ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግሥት ገበያ አለ፤ ሽፋኑን ላጣ ሰው ከመደበኛው የምዝገባ ወቅት ውጭም ለ60 ቀን ክፍት ነው። ስለ ገቢህ ሲጠይቁህ ዘንድሮ የተከፈለህን ደመወዝና ከመኪናው ወጪ ተቀንሶ የሚተርፍህን ደምረህ ጻፍ። መንግሥት ለክፍያው የሚሰጠው ድጎማ በገቢህ ስለሚወሰን፣ አሳንሰህ ከጻፍክ ከሚገባህ በላይ የተሰጠህን በግብር ጊዜ ትመልሳለህ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ሽፋን የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው። ደግሞም ኮብራ ገብቶ «ተወደደብኝ» ብሎ መሃል ላይ ያቋረጠ ሰው እስከ መደበኛው ምዝገባ ድረስ ያለ ሽፋን ሊቀር ይችላል። አስቦ መግባት ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦ እኛ እኮ ስምንት ሠራተኞች ብቻ ነበርን።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ይህን መጀመሪያ ብትነግረን ጥሩ ነበር። እንግዲያው የፌዴራሉ ኮብራ አይመለከትህም። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ለትንንሽ ድርጅቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፤ ወደ ክፍለ ግዛትህ የኢንሹራንስ ቢሮ ደውል። ማርኬትፕሌስ ግን የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ተመዝገብ።

ፋርማሲ የምሠራ፦ ስለ ወረቀት ስንከራከር መርፌው እያለቀ ነው። ኢንሱሊኑን የሚያመርተውን ኩባንያ ድረ ገጽ ክፈት። ትልልቆቹ አምራቾች ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ወጪውን በወር 35 ዶላር ላይ የሚገድብ የቅናሽ ካርድ አላቸው፤ ስልክህ ላይ አውጥተህ ለፋርማሲው አሳይ። የሐኪሙ ማዘዣ ጊዜው ካለፈ ለፋርማሲስቱ በግልጽ ንገረው፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሰጥበት ደንብ አለ። እስከዚያ እንዲቆይላት ብላ መጠኑን እንዳትቀንስ አደራ።

ቢኒ፦ ከስምንት ሠራተኞች ጋር ኮብራ እንደማይሠራ አላወቅሁም ነበር፤ ይቅርታ።

የድሮ ሾፌር፦ ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ ድምፅህ ጠፋ። ኢንሱሊኑ ተገኘ?