የውስኪ ድንጋዮቹ አላቀዘቅዝ አሉኝ

የምኖረው ሱሉልታ ነው። (የእንጦጦ ጀርባ ብርድ ይበቃሃል እንዳትሉኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ይሞቃል።) በረዶ ውስኪውን ውሃ ውሃ ስለሚያሰኝብኝ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ዘጠኝ የማቀዝቀዣ ድንጋዮች ይዛልኝ መጣች። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ጎናቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ናቸው።

ድንጋዮቹን የማቀዘቅዛቸው ፍሪጁ ውስጥ ባለችው ትንሿ የፍሪዘር ክፍል ነው። መብራቱም እንደምታውቁት ነው፤ ድንጋዮቹን ማታ አስገብቼ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ሳይጠፋ ባደረ ጊዜም ቢሆን፣ ሦስቱን 50 ሚሊ ሊትር ውስኪ ውስጥ ስጨምር ትንሽ ቀዝቀዝ ይልና ወዲያው ይመለሳል። ስድስት ሳደርግ ይሻላል፤ ግን ድንጋዩ ከመጠጡ በላይ ብቅ ይልና ጥርስ ይመታል። ብርጭቆውንም አብሬ አቀዝቅዤ አይቻለሁ፣ ለውጡ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ላይ የሥጋ ሽታ ይዘው ነበር፤ አጥቤ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ሳስቀምጣቸው እሱ ቀረ።

እንደ በረዶ ያድርግልኝ አላልኩም። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ ብቻ 334 ጁል (የሙቀት ኃይል መለኪያ) ገደማ ሙቀት ይስባል፤ ድንጋዩ ግን አይቀልጥም፣ አንድ ግራሙ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚስበው አንድ ጁል ገደማ ነው። የምፈልገው ብርጭቆዋ እስክታልቅ ቅዝቃዜው እንዲቆይ ነው።

ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ፦ በእንዲህ ያለ ፍሪጅና መብራት፣ ውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው የብረት ኩቦች ከድንጋዩ በግልጽ ይሻላሉ ወይስ ጠርሙሱን ራሱን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይበቃል?