«ገጠር ወጪ የለም» የሚለው ማን ነው? ኪራይ የሚሰበስበው ወይስ የሚከፍለው?

የጉለሌ ልጅ፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ የቀረቡትን እንግዳ ሰማችኋቸው? ጡረታ ወጥተው፣ አዲስ አበባ ያለውን ቤታቸውን አከራይተው፣ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የገቡትን ሰው ማለቴ ነው። አየሩ ተስማምቶኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ስኳሬ ወርዷል አሉ። እሰየው! ጋዜጠኛው ስለ ኑሮ ሲጠይቃቸው ግን «ገጠር ወጪ የለም፤ አዲስ አበባ ላይ የሚሰቃየው ሁሉ ወጥቶ ቢገባ ኑሮው ይቃናል» ብለው ደመደሙት። ያንገበገበኝ ይህ ነው። ወጪ የማይሰማቸው በየወሩ የሚከራይ ግቢ ስላላቸው ነው። እኔ ደግሞ ከከፋዮቹ ወገን ነኝ፤ ደመወዜ ሳይደርስ ኪራዬ ይደርሳል። ተከራይ በሚከፍላቸው ገንዘብ እየኖሩ «አንተም ና» ሲሉኝ ምን ይዤ ልምጣ?

አባ ጓሮ፦
ወንድሜ፣ ሰውየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትስቀላቸው። እኔም ከወሊሶ ዳር ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ወጪ የለም ሲሉ ከደጅ ስትወጣ ጀምሮ ኪስህን የሚያራግፍ ነገር የለም ማለታቸው ነው። ታክሲ የለም፣ የውጭ ምሳ የለም፣ ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ ከቦቴ መግዛት የለም። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ እንቁላሉ ከጓሮ ነው። መገናኛ ላይ ለታክሲ ተሰልፌ ያቃጥለኝ የነበረውን ጊዜ ዛሬ ችግኝ ላይ አውለዋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ሐኪሙ ራሱ ቀንሶልኛል። ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ስለማታውቁት ኑሮ አትፍረዱ።

የእንሰት አገር፦
አባ ጓሮ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርዎት፤ ተወልጄ ያደግሁት ከእምድብር አለፍ ብሎ ነው። የከተማ ሰው አገራችንን የሚያውቀው በመስቀል ነው። ክትፎው ተሰናድቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ይደርሳል፤ ሳምንት በልቶ ጠጥቶ «አቤት የገጠር ኑሮ!» እያለ ይመለሳል። ያ ቅቤ ግን ከዓመት እስከ ዓመት በስንት ጥረት የተጠራቀመ ነው። እናቶቻችን ለመስቀል ቅቤ ዕቁብ ይጥላሉ፤ አባቶች ለበሬው አስቀድመው ያዋጣሉ። እንሰት ደግሞ ተተክሎ ቆጮ እስኪሆን አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። በየጊዜው ተነቅሎ ቦታ ይቀየርለታል፣ ፍግ ይፈልጋል። ፍግ ከብት ይፈልጋል፤ ከብት ሣርና ጠባቂ ይፈልጋል። ሲደርስ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው። የቤቱን ቆርቆሮ የገዛው ማን ነው ቢሉ መርካቶ ያለው ወንድም ነው። ወጪው ሌላ ሰው ላይ ስለወደቀ የለም አይባልም።

እናት ዓለም፦
የእንሰት አገር የመጨረሻዋን ነገር ስለነኩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴም ጡረታ ሲወጣ «ወደ ትውልድ ቀዬዬ» ብሎ እናቴን ይዟት ገባ። አባቴን ብትጠይቁት ገነት ነው ይላችኋል። ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ከሰዓት በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋር ይጫወታል።

እናቴ ግን አዲስ አበባ ሳለች በኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር የምትጋግረው። እዚያ መብራቱ ቢኖርም ለምጣድ አቅም የለውም፤ ስለዚህ በዚህ ዕድሜዋ ወደ እንጨትና ኩበት ተመለሰች። ስሄድ የማገኛት ጓዳ ውስጥ ነው። ዓይኗ ቀልቶ፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠራረገች፣ ጭሱን በእፍታ እየገፋች ትጋግራለች። እንጨቱ በክረምት አይደርቅምና አንዷን እንጀራ ለማውጣት ሦስቴ እፍ ትላለች። ውሃው ከምንጭ ነው፤ ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካን በአህያ ይመጣል፤ አህያዋ ከሌለች በጀርባ ነው። የካቲት ካለፈ ምንጩ ስለሚቀንስ ጎሕ ሳይቀድ ወረፋ መያዝ ግድ ይሆናል። አባቴም «ወጪ የለም» ይላል። ለውሃ ስለማይከፍል የለም፤ የሚከፈለው በእናቴ ወገብ ነው። ሬዲዮው ሚስትየውንም ቢያቀርብ ኖሮ ሌላ ፕሮግራም እንሰማ ነበር።

አባ ጓሮ፦
እህቴ፣ የእናትሽ ድካም ያሳዝናል፤ ግን ይህ የገጠር ጥፋት ሳይሆን የአባትሽ ነው። ሰው ይቀጠራላ። እኛ ዘንድ ውሃ የሚቀዳና እንጨት የሚፈልጥ ልጅ አለን፤ ባለቤቴ አንድ ቀን ጀሪካን ተሸክማ አታውቅም።

የጉለሌ ልጅ፦
እንግዲህ ወጪው ብቅ አለ። ልጁ ደመወዝ ይከፈለዋል አይደል? ወይስ እሱም «የለም» ውስጥ ነው የሚቆጠረው?

አባ ጓሮ፦
በሚገባ ይከፈለዋል። ይበላል፣ ይለብሳል፣ ማታ ማታም ይማራል። ሰው የምበድል አታስመስለኝ!

ባለ ፓምፕ፦
የምግብ ነገር ከጓሮ ነው ስለተባለው ልናገር። እኔ የከተማ ሥራዬን ትቼ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ መሬት ተከራይቼ ሽንኩርት ያለማሁ ሰው ነኝ። «ከተማ ምን ይሠራልሃል፣ መሬት አያሳፍርም» ብለው ነው የላኩኝ። መሬት በእርግጥ አላሳፈረኝም። ችግኙ በወር ከግማሽ ገደማ ከመደቡ ወጣ፤ ተዛወረ፣ ተኮተኮተ፤ ፓምፑ ናፍጣ እየጠጣ አጠጣሁት። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የፀረ ተባይ ርጭት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም በጥሬ ገንዘብ ነው። ምርቱ ደርሶ ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር ደላላው መጣ። ማሳው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ አንዷን ነቅሎ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋትና ዋጋ ቆረጠ። ዋጋው የናፍጣዬን እንኳ አይመልስም። አልሸጥም አልኩ። በሳምንቱ ዋጋው ይባስ ወረደ፤ በዚያው ሰሞን ዝናብ ጣለ። የራሰ ሽንኩርት ሰው አይጠብቅም፤ ከአንገቱ ይበሰብሳል። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ እህቴ አንድ ኪሎ የገዛችበት ዋጋ እኔ ከተቆረጠልኝ ብዙ እጥፍ ነበር። ልፋቴ የት እንደገባ አሁንም እጠይቃለሁ። ለራስ ወጥ የሚሆን ጎመን መትከል ሌላ፣ ከእርሻ መኖር ሌላ። አባ ጓሮ ጡረታዎትን ቢያነሱት ጓሮው ያኖርዎታል?

አባ ጓሮ፦
ጡረታ የሠራሁበት ነው! ሠላሳ ምናምን ዓመት አገሬን አገልግዬ ያገኘሁትን እንደ ነውር ታነሳብኛለህ?

ባለ ፓምፕ፦
ነውር አላልኩም፤ የእርስዎ ጤናማ ኑሮ ከመሬቱ ሳይሆን ከጡረታው ነው የመጣው አልኩ። ልዩነቱን ካልተቀበሉ ለወጣቱ «ና ግባ» አይበሉት።

ከሜሪላንድ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እኔ እዚህ በመኪና መንገድ ላይ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ትንሽ ቤት ይዤ ለመኖር እያሰብኩ ነው። ተስፋ አታስቆርጡኝ፤ ሰላም ያለው ኑሮ በገንዘብ አይተመንም።

የእንሰት አገር፦
ሐዋሳ ከመቼ ወዲህ ነው ገጠር የሆነችው? ዩኒቨርሲቲ፣ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ናት። በዶላር ለሚመጣ ሰው ሐይቅ ዳር መቀመጥና ቀበሌ ውስጥ መኖር አንድ አይደሉም። እናንተ በመጣችሁ ቁጥር ደግሞ የቦታ ዋጋ ይሰቀልና የአገሬው ልጅ ከከተማው ይገፋል።

ከሜሪላንድ፦
ዘመዶቻችሁን ስናስተምር፣ ስናሳክም «በዶላር» አትሉንም። ቤት ልሥራ ስንል ነው ጠላት የምንሆነው?

ካዛንቺስ ያደግሁ፦
እናንተ ስለ መውጣት እንደ ምርጫ ታወራላችሁ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ የወጣነውን ማን ጠየቀን? እኔ ዛሬ የምኖረው ከከተማው ጠርዝ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ከመስኮቴ የጤፍ ማሳ ይታየኛል። በሬዲዮው አስተሳሰብ ኑሮዬ ተቃንቷል ማለት ነው። እናቴ ካዛንቺስ ሳለች ከቤታችን በር ላይ ሻይና አምባሻ እየሸጠች ነበር ያሳደገችን። ገዢዋ የቢሮ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው ነበር። እዚህ ማን ይገዛታል? እድሯም ተበተነ። ዕድሜዋን ሙሉ ያዋጣችበት እድር፣ ድንኳኑና ወንበሩ ሳይቀር፣ አባላቱ በየአቅጣጫው ሲሄዱ ቀረ። ባለፈው ጎረቤታችን ሲሞት ቀባሪው የወሬውን መድረስ እየጠበቀ ሰዓቱ አለፈ። እርሻ አጠገብ መኖር ብቻውን ሰውን አያኖርም፤ እንጀራና ሰው ያስፈልገዋል።

እናት ዓለም፦
ወንድሜ፣ ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እድር ሲበተን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አባ ጓሮ፦
ይህ ሌላ ርዕስ ነው። ተገዶ የተነሣና ፈቅዶ የገባ አይወዳደሩም።

ካዛንቺስ ያደግሁ፦
«የሚሰቃየው ሁሉ ይውጣ» ሲባል እኔም ሁሉ ውስጥ ስላለሁ ነው የገባሁበት።

የጤና ኬላ ባልደረባ፦
እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ከገጠር ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አባ ጓሮ «አታውቁም» እንዳይሉኝ። አንድ ቀበሌ ላይ ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። ክትባት እንሰጣለን፣ እርጉዝ እንከታተላለን፣ የወባ መድኃኒት እንሰጣለን፣ ቤት ለቤት እንዞራለን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ፤ በዓመት አንዴ አዋጥቶ የሚታከም ገበሬ ብዙ ነው። በዚህ ሥራ እኮራለሁ። ግን ከከተማ የሚመጡት አረጋውያን ስኳርና ግፊታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ኩላሊቱን የታመመ ሰው እጥበት ይፈልጋል፤ እነዚህ ጤና ኬላ ውስጥ የሉም። የካንሰር የጨረር ሕክምና እኮ በመላ አገሪቱ ለብዙ ዓመታት የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። አንድ አባት ሌሊት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ወሰድናቸው፤ ተሸካሚዎቹ የመንደሩ ጎረምሶች ነበሩ። አስፋልቱ ላይ መኪና እስኪገኝ ነጋ። ሰዎቹ ለልባቸው ብለው ወደ ገጠር ይመጣሉ፤ ልባቸው ሲደክም ግን የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ከተማ ነው ያለው።

አባ ጓሮ፦
ልጄ፣ አዲስ አበባም አምቡላንስ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ የሞተ ሰው አለ። ሞት ሰፈር አይመርጥም።

የጤና ኬላ ባልደረባ፦
አባቴ፣ ያንን ሌሊት አብረውኝ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር።

አንድ አባት፦
ስለ ልጆች እስካሁን ማንም አላነሳም። በ2015 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኛ ወረዳ ያሉ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ከተማ ገብተው ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤት ሄደው የሳምንት ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። «ገጠር ወጪ የለም» የሚሉት ሰው የልጆቻቸውን ትምህርት አዲስ አበባ አስጨርሰው ነው የገቡት። እስቲ የልጅ ልጃቸውን ያምጡና እዚያ ያስተምሩ።

የሕግ ሰው፦
ከሁሉ በፊት መሬት ከየት ያመጣሉ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ኢትዮጵያዊ አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው፤ ከከተማ የመጣ ጡረተኛ ግን አርሶ አደር አይደለም። ብዙዎች የሚያደርጉት ከገበሬ ጋር በመንደር ውል መፈራረም ነው። ሁለት ሽማግሌ ያስቀምጣሉ፣ ገንዘብ ይቆጥራሉ፣ ወረቀቱን ያጥፉና ኪሳቸው ይከታሉ። ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚጸናላቸው እየመሰላቸው ቤት ይሠሩበታል። ገበሬው ሲሞት ልጆቹ ይነሣሉ፤ ወይም ቀበሌው መጥቶ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው ይላል። አባ ጓሮ፣ ልድፈርዎትና ልጠይቅ፦ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም ነው?

አባ ጓሮ፦
በባለቤቴ ወንድም ስም ነው። ቤተሰብ ነን፤ በመካከላችን ወረቀት አያስፈልግም።

የሕግ ሰው፦
ዛሬ አያስፈልግም። ወንድምየው ልጆች አሉት?

አባ ጓሮ፦
አምስት። ሁሉም እንደ ልጆቼ ናቸው፤ ሁለቱን አዲስ አበባ ቤቴ አስቀምጬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

የጉለሌ ልጅ፦
አዲስ አበባ ቤቴ? ያ ቤት አሁንም አለዎት?

አባ ጓሮ፦
አለኝ። አከራይቼዋለሁ። ልጄ፣ ቤት ማከራየት ወንጀል አይደለም።

የጉለሌ ልጅ፦
ወንጀል ነው አላልኩም። ከመጀመሪያው የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ የእርስዎን ቤት የተከራየው ሰው ወዴት ይግባ?

አባ ጓሮ፦
እሱን ራሱን ጠይቀው። እኔ ጨምሬበት አላውቅም።

የሕግ ሰው፦
አባ ጓሮ፣ ክርክሩ ይቆይና በደብተሩ ጉዳይ ሳይውሉ ሳያድሩ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ወንድምየው በሕይወት እያለ የሚጠየቅ ነገር ነው።

አባ ጓሮ፦
በመካከላችን አትግቡ ብያለሁ።