የሰው ፓተንት በእኔ ስም፣ የጣሪያው ብር ከእኔ ኪስ

ቶንዶስ፦
ሰላም ወገኖች። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። ሎስ አንጀለስ ፀጉር አስተካክላለሁ። እሑድ ዕለት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሰላምታው ቀዝቀዝ ብሏል። ትንሽ ቆይቶ «ስድስት ፓተንት እያለህ ለእማዬ ጣሪያ ትሰስታለህ?» አለኝ። የምን ፓተንት፣ የምን የፈጠራ መብት? ስሜን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አንድ ገጽ አግኝቷል። ላክልኝ ብዬ አየሁት። ከላይ የፀጉር ሥራ ላይሰንሴ፣ ከነቁጥሩ። ከሥር ስድስት ፓተንት፣ ሁሉም ስለ ሜሞሪ ቺፕ። የፓተንቶቹ ሰውዬ ሳን ሆዜ ነው የሚኖረው። የራሱም ያባቱም ስም ከእኔ ጋር አንድ። እኔ እኮ ስልኬን የሚያስተካክልልኝ ልጄ ነው! ይህን ገጽ እንዴት ላስጠፋ?

ጋሽ መዝገቡ፦
ወንድሜ፣ ነገሩን ለይተህ እይ። ላይሰንስህ የካሊፎርኒያ መንግሥት መዝገብ ነው። ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ቀን ማንም ገብቶ ያያል። ደንበኛ እንዲያጣራበት ነው የተሠራው። ወንበርህ አጠገብ የሰቀልከው ወረቀት እኮ ነው። አይጠፋም። የቤትህን አድራሻ አስመዝግበህ ከሆነ ግን በፖስታ ሳጥን ቀይረው።

ፓተንትም እንደዚያው ለሕዝብ ክፍት ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በ18 ወሩ ይታተማል። የፈልሳፊው ስም፣ ከተማና ስቴት ይወጣል፤ የመንገድ አድራሻው አይወጣም። የምትለያዩት በከተማው ነው። ለአክስትህ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየው። «አሳይኒ» በሚለው ቦታ የኩባንያ ስም ካለ መብቱ የኩባንያው ነው። መሐንዲሱ ደሞዙን ነው የሚበላው።

ያደበላለቃችሁ መረጃ ነጋዴው ነው፤ የሰው መረጃ እየለቃቀመ የሚሸጠው። ለእሱ ካሊፎርኒያ ድሮፕ የሚባል፣ «መረጃዬን ሰርዙ» ብለህ የምትጠይቅበት ድረ ገጽ በ2026 መጀመሪያ ከፍታለች። አንዴ ስትሞላ ለተመዘገቡት ነጋዴዎች ሁሉ ይደርሳል። መሰረዝ እንዲጀምሩ የተቀመጠላቸው ቀን ኦገስት 1፣ 2026 ነው። ከመንግሥት መዝገብ የቀዱትን ግን ላይነካልህ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ለኤሌክትሪክ ቶንዶስ በ1919 ፓተንት ያመለከተው ሊዮ ዋል የሚባል የኢሊኖይ ሰው ነው። ማሽንህን ገልብጠህ እይ፣ ስሙ ሳይኖርበት አይቀርም።

እታለም፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ጣሪያው ምን ሆነ? ቆርቆሮው ያፈሳል? እኔም ባለፈው ዓመት የምጠብቃቸው አሮጊት መኪና አጠገብ ፎቶ ተነስቼ ወንድሜ «መኪናውን ሽጪና ላኪ» ብሎኛል። ተናድጄ ሁለት ወር አላነሳሁለትም። በኋላ ግን የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ትዝ አለኝ። እናቴ ባልዲና ሰፌድ ሳይቀር ከሥሩ ትደረድር ነበር። ላክሁ። ፓተንት ባይኖርህም የአቅምህን ላክ፣ ወንድሜ።

የሲያትሉ፦
ዋናው ችግር ስማችን ነው። እንደ አገሩ ሰው አንድ የቤተሰብ ስም ይዘን ብንቀመጥ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እኔ ዜግነት ስወስድ ቀይሬ ተገላገልኩ።

እታለም፦
ያባትህን ስም ጥለህ ነው ተገላገልኩ የምትለው?

የሲያትሉ፦
አልጣልኩም። ክሊኒክ ስሄድ «ሚስተር ወልደሚካኤል» እያሉ አያቴን ይጠሩ ነበር። ከሞቱ 40 ዓመታቸው ነው፣ ቀጠሮ ይያዝላቸዋል።

ጋሽ መዝገቡ፦
የቤተሰብ ስም ቢኖርህስ? እዚህ አገር ስንት ስሚዝ አለ? ይልቅ የእኛ ጣጣ አጻጻፉ ነው። ፀጋዬን አንዱ በቲ፣ አንዱ በኤስ ይጀምረዋል። ያኔ ደግሞ አንዱን ሰው ሁለት ያደርጉታል።

ቶንዶስ፦
አሳይኒውን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። የመለሰልኝ ይህን ነው፦ «ታዲያ ኩባንያውን ድርሻዬን ስጡኝ አትልም?» ድሮፕን ማታ ሱቅ ስዘጋ እሞላለሁ።

እታለም፦
የሲያትሉ፣ አልጨረስንም። ልጆችህ ማን ተብለው ነው የሚጠሩት?